ያለ ሄልሜት ሳይክል የለም፦ የልጆቻችንን ጭንቅላት ለመጠበቅ ከሰፈር ደንብ እስከ ሐኪም ቤት

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ትምህርት ሲዘጋ እኛ ሰፈር ዋናው ጨዋታ ሳይክል ነው። ያለው በራሱ፣ የሌለው በሰዓት ተከራይቶ ይነዳል። በብሎኮቹ መሃል የሚያልፈው ኮብልስቶን ቁልቁለት ነው። ልጆቹ የሚወዱትም ቁልቁለቱን ነው።

አምና ክረምት የአሥር ዓመት ልጄ እዚያው ቁልቁለት ላይ ወደቀ። የተከራየው ሳይክል ፍሬን አልያዘለትም። በመሪው ላይ ተሽቀንጥሮ ሄደና ከግራ ጆሮው በላይ ድንጋይ መታው። ሄልሜት ገዝቼለት ነበር። ያን ቀን ግን ሄልሜቱ ቁም ሳጥን ላይ ነበር። ሁለት ሌሊት ሐኪም ቤት አደርን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ደህና ነው። እኔ ግን አሁንም በዚያ ሳልፍ ልቤ ድንግጥ ይላል።

ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን፣ ሐኪሞች ጠይቄ የተረዳሁትንና ከጎረቤቶቼ ጋር የሞከርነውን እዚህ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። ቱሉ ዲምቱም ኑሩ ቦሌ አራብሳ፣ ጀሞም ይሁን ካራ፣ መንገዳችን ይመሳሰላል።

መጀመሪያ ደንብ አውጡ

ብዙ ወላጅ የሚጀምረው ሄልሜት በመግዛት ነው። እኔም እንደዚያ ነው የጀመርኩት። ገዛሁ፣ መከርኩ፣ ለመንኩ። ልጄ ሁለት ቀን አደረገው፣ በሦስተኛው ቀን ጓደኞቹ ሳቁበት፣ በቃ ተወው።

የሌሎች አገሮች ታሪክም ይህንኑ ነው የሚያሳየው። ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 ለኢትዮጵያ ሳይክል የተወዳደረበት የሜልቦርን ኦሎምፒክ የተካሄደው በአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ነው። ያቺው ግዛት ከ34 ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 1 ቀን 1990 እ.ኤ.አ.፣ ልጅ አዋቂ ሳይል ሳይክል የሚነዳ ሁሉ ሄልሜት እንዲያደርግ በሕግ አዘዘች። በዓለም የመጀመሪያዋ ነበረች። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1994 ተከተለች። የካናዳዋ ኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. በ1995 ከ18 ዓመት በታች ላሉት፣ ስዊድን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ከ15 ዓመት በታች ላሉት ሕግ አወጡ።

ሕጉን የሚቃወሙም አሉ። ቪክቶሪያ ውስጥ ሕጉ ሲወጣ ሳይክል የሚነዱ ወጣቶች ቁጥር ቀንሶ ነበር። እስራኤልም እ.ኤ.አ. በ2007 ሁሉንም ያስገደደ ሕግ አውጥታ፣ በ2011 ከተማ ውስጥ ለሚነዱ አዋቂዎች አነሳችው። ለልጆች ግን አላነሳችውም። እኔም ከዚህ የወሰድኩት ይህንኑ ነው፦ ለአዋቂው ይከራከሩ፣ ለልጅ ግን ደንብ ያስፈልገዋል።

ምክር ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ የለካ ቦታ አለ። አሜሪካ ውስጥ ሜሪላንድ በሚባለው ግዛት ሃዋርድ የሚባል ወረዳ እ.ኤ.አ. በ1990 ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሄልሜት ሕግ አወጣ፤ ትምህርትም ጨመረበት። ሄልሜት አደርጋለሁ የሚሉት ልጆች ከመቶ 11 ገደማ የነበሩት 37 ገደማ ደረሱ። ትምህርት ብቻ በሰጠው ጎረቤት ወረዳ ግን ከ8 ወደ 13 ገደማ ብቻ ነው ያደጉት።

ይህን ሳነብ እድራችን ትዝ አለኝ። እድር ሰው ለቀብር እንዲመጣ ይመክራል እንጂ አይቀጣም ቢባል ስንቱ ይቀራል? ደንብ አለ፣ መቀጮ አለ፣ ለማንም አይላላም። ለዚህ ነው የሚሠራው። የልጆቹም ሄልሜት በዚሁ መልክ ነው መያዝ ያለበት።

ቤት ውስጥ ያወጣነው ደንብ አጭር ነው። ሄልሜት ከሌለ ሳይክል የለም። ግቢ ውስጥም ቢሆን፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ ሱቅ ድረስም ቢሆን። አንድ ጊዜ ያለ ሄልሜት ከተገኘ ሳይክሉ ለአንድ ሳምንት ይቆለፋል። ከእናት ጋር ተስማምቶ ከአባት ጋር ማላላት የለም። እናንተም የምትነዱ ከሆነ አድርጉ፤ ልጅ የሚሰማው በዓይኑ ነው።

አንድ ትንሽ ዘዴ ትልቅ ለውጥ አምጥቶልናል። ሄልሜቱን ቁም ሳጥን ላይ ማስቀመጥ ተውን። ማሰሪያውን ከሳይክሉ ጋር በአንድ ቁልፍ አብረን እንቆልፋለን። ሳይክሉን የሚያወጣ ልጅ ሄልሜቱን በእጁ መያዙ ግድ ነው። ከዚያ ወዲህ "ረሳሁት ማሚ" የሚባል ነገር ቀርቷል።

ቀጥሎ አከራዩን አነጋግሩ

የቤት ደንብ ለተከራየ ሳይክል አይሠራም። እኛ አራት ወላጆች ሆነን ሳይክል የሚያከራየውን ልጅ አነጋገርነው። መጀመሪያ ላይ ከበደው። "ማዘር፣ እኔ ሄልሜት ካልኩ ልጆቹ ታች ወዳለው ይሄዳሉ" አለን። እውነቱን ነው። እንጀራው ነው። ስለዚህ መውቀሱን ትተን ወደ ብሎክ ኮሚቴው ሄድን። ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ ተዋጣና ስድስት ሄልሜት ተገዛ፣ ሦስቱ አነስ ያሉ፣ ሦስቱ ከፍ ያሉ። እሱ ዘንድ ይቀመጣሉ። ሳይክል የሚወስድ ልጅ አብሮ ይወስዳል፣ አብሮ ይመልሳል። ታች ያለውንም አከራይ አነጋገርነው። ሁለቱም ከተስማሙ ልጆቹ የሚሄዱበት ሌላ ቦታ የለም።

እናቶች ያነሱት ጥያቄ ቅማልና የራስ ቆዳ በሽታ ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ስስ የጥጥ ሻሽ ወይም ስስ ቆብ አድርጎ ከላይ ሄልሜቱን ያደርጋል። አከራዩም ማታ ማታ ውስጡን በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ይወለውለዋል። ቤንዚንና ቲነር ፎሙን ስለሚበሉት አይነካበትም።

ሄልሜት ስትገዙ

ሄልሜት ምን እንደሚሠራ ካወቃችሁ ሻጭ አያታልላችሁም። የልጅ ጭንቅላት ከ1.2 ሜትር ከፍታ ዝም ብሎ ቢወድቅ እንኳ መሬት የሚመታው በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ነው። ይህ እንግዲህ ሳይክሉ ቆሞ ሳለ ነው። ሄልሜቱ ውስጥ ያለው ነጭ ደረቅ ፎም፣ በቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ዓይነት፣ ሥራው መጨፍለቅ ነው። ጭንቅላቱ ድንጋይ ላይ በአንድ ጊዜ ቀጥ ከማለት ይልቅ ፎሙ እየተጨፈለቀ ቀስ ብሎ ይቆማል። ያቺ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት አንጎሉን ከመናጥ ታተርፈዋለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ 40 ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነና ከ64 ሺህ በላይ ጉዳት የደረሰባቸውን ሳይክል ነጂዎች ያየ ሥራ፣ ሄልሜት ያደረጉት ከባድ የጭንቅላት ጉዳት የመድረስ ዕድላቸው በ69 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

ስለዚህ ስትገዙ ገልብጡትና ውስጡን እዩ። ስፖንጅ ብቻ ካለው ተዉት። ስፖንጅ ለምቾት ነው፤ የሚያድነው ደረቁ ፎም ነው። ውስጡ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። የአውሮፓው ደረጃ ኢ ኤን 1078፣ የአሜሪካው ሲ ፒ ኤስ ሲ ይባላል። ለትንንሽ ልጆች ኢ ኤን 1080 የሚል አለ፤ ልጁ አንድ ነገር ላይ ቢንጠለጠል መቆለፊያው በራሱ ይፈታል።

ሰልባጅ መግዛት ኪስን ያቀልላል፣ ይገባኛል። ግን ያገለገለ ሄልሜት ከዚህ በፊት መመታት አለመመታቱን በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም። እኔ ከውድ ሰልባጅ ይልቅ ደረጃው የተለጠፈበትን ርካሽ አዲስ እመርጣለሁ። ውድ መሆኑ በአብዛኛው የሚጨምረው ቅለትና አየር ማስገቢያ ነው።

የሞተር ሄልሜት ለልጅ አይሆንም። ከባድ ነው፣ አንገቱን ይጫነዋል፣ ዙሪያውን እንዳያይና እንዳይሰማ ያደርገዋል። የኮንስትራክሽን ቆብም አይሆንም። እሱ የተሠራው ከላይ ለሚወድቅ ነገር ነው፤ ልጁ ሲወድቅ ቀድሞት ይበራል።

አለካክና አለባበስ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ጥሩ ሄልሜት ተገዝቶ አላግባብ የሚደረግበት ቤት ብዙ ነው። እኛ ሰፈር ሄልሜት ካላቸው ልጆች አብዛኞቹ ወደ ኋላ ገፍተው፣ ግንባራቸውን አጋልጠው ነበር የሚያደርጉት።

የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ። ከቅንድቡ በላይ በግንባሩ ዙሪያ፣ ከኋላ ጎላ ባለው የጭንቅላቱ ክፍል አዙሩና ለኩ። ሄልሜቱ ላይ በሴንቲ ሜትር ተጽፏል። "ያድግበታል" ብላችሁ ሰፊ አትግዙ። ጫማ ላይ ያስኬዳል፣ ሄልሜት ላይ አያስኬድም።

ከዚያ አልብሱት። የፊቱ ጠርዝ ከቅንድቡ በላይ ሁለት ጣት ብቻ መሆን አለበት። ልጁ ዓይኑን ወደ ላይ ሲያነሳ ጠርዙን ማየት አለበት። ከኋላ ያለውን ማጥበቂያ አዙሩ። አሁን ማሰሪያው ገና ሳይታሰር ጭንቅላቱን ይነቅንቅ። ሄልሜቱ ከግንባሩ ቆዳ ጋር አብሮ ከተንቀሳቀሰ ልኩ ነው። ከተንሸራተተ ይሰፋዋል።

የጎን ማሰሪያዎቹ ሁለቱ ከጆሮው ሥር ይገናኙ፣ ጆሮውን በመሃላቸው አድርገው። ከአገጭ ሥር ያለውን ስትቆልፉ አንድ ጣት ብቻ ያስገባ። ቆዳውን እንዳትቆነጥጡት ጣታችሁን ከሥር አድርጉ፤ አንዴ የተቆነጠጠ ልጅ ሁለተኛ አያስነካችሁም። በመጨረሻ አፉን እንደሚያዛጋ ሰው በደንብ ይክፈት። ሄልሜቱ አናቱን ጫን ሲያደርገው ከተሰማው ጠብቋል። ከፊት በመዳፋችሁ ወደ ላይ ግፉት። ግንባሩ ከተገለጠ እንደገና አጥብቁ።

ጸጉር ነገር አለው። ተኝቶ የተሠራ ሹሩባ ችግር የለውም። አናት ላይ የተጠቀለለ ወይም የታሰረ ጸጉር ግን ሄልሜቱን ያንሳፍፈዋል፤ ዝቅ ብሎ ማጅራት ላይ ይታሰር። ጎፈሬ ያለው ልጅ ሄልሜቱን የሚለካው ከነጎፈሬው ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ እንደገና ይስተካከልለታል። ሂጃብ የምታደርግ ልጅ ስስና አንድ ድርብ የሆነውን ታድርግ፣ መርፌ ቁልፍ ከሥር እንዳይኖር። ወፍራም የሹራብ ኮፍያና ግንባር ያለው ኮፍያ ከሥር አይደረግም።

ከሳይክል ሲወርድ ደግሞ ያውልቀው። ዛፍ ሲወጣ ወይም ዥዋዥዌ ሲጫወት ማሰሪያው ተጠላልፎ አንገቱን ሊያንቀው ይችላል። ይህን ለልጆቹ ንገሯቸው፣ ብዙ ሰው አያስበውም።

ሳይክሉና መንገዱ

ሄልሜት መውደቅን አያስቀርም። ልጄን የጣለው የፍሬኑ ነገር ነው። ሳይክል ሳይከፈልበት በፊት ልጁ ራሱ እንዲፈትሽ አስተምሩት። የፊቱን ፍሬን ይዞ ሳይክሉን ወደ ፊት ይግፋ፤ ጎማው መዞር የለበትም። የኋላውንም እንደዚያው። ጎማውን በአውራ ጣቱ ይጫን። ካቴናው እንዳልላላ ይይ። መቀመጫው ላይ ሆኖ የእግሩ ጣቶች መሬት መንካት አለባቸው። ፍሬን የማይዝ ሳይክል ነጻ ቢሰጠውም አይወጣበትም።

አንድ ሳይክል ላይ አንድ ልጅ። ማፈናጠጥ የለም። የሲኖትራክና የሚኒባስ ኋላ ይዞ መጎተት ደግሞ ሞት ነው፤ ጠጠርና አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ በሚመላለስበት ዳር ከተማ ይህን በግልጽ ተናገሩ። የትልቅ መኪና ሾፌር በመስታወቱ ካላየህ የለህም ማለት ነው፣ በሉት። በክረምት የራሰ ኮብልስቶን ያንሸራትታል፣ ውሃ ያቆረው ቦታም ሥሩ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። ቁልቁለት ላይ ሳይክል እየገፉ መውረድ ነውር አይደለም።

ጀማሪ ልጅ ካላችሁ መኪና የማይገባበት ሜዳ ፈልጉ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የመንገድ ለሰው ፕሮግራም ለመኪና የሚዘጋቸው መንገዶች ጥሩ መለማመጃ ናቸው። እዚያም ሄልሜት ያስፈልጋል። አስፋልቱ ያው አስፋልት ነው።

ልጅ ከወደቀ

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡልኝ። ለሞግዚቷም፣ ለአያቱም ንገሩ።

ሮጣችሁ አታንሱት። እኔ አንስቼው ነበር፣ ስህተት ነበር። ራሱን ከሳተ፣ አንገቱን ካመመው፣ እጅና እግሩ ከደነዘዘው ባለበት ይሁን። ጭንቅላቱን በሁለት እጃችሁ ሳታንቀሳቅሱ ያዙ። ሌላ ሰው 939 ወይም የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውል። ትንፋሹን ካልከለከለው በቀር ሄልሜቱን አታውልቁ። ካስመለሰው አንገቱን ከሰውነቱ ጋር አስተካክላችሁ እንደያዛችሁ መላ አካሉን በአንድ ላይ ወደ ጎን አዙሩት፣ እንዳይታፈን።

የሚደማ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ያዙት። የራስ ቆዳ ብዙ ይደማል፣ አትደንግጡ። አጥንቱ የሰረጎደ ከመሰላችሁ ግን አትጫኑት። ቡና አትድፉበት። ቅቤም አትቀቡት። ጎረቤት ለደግ ብሎ ነው የሚያመጣው፣ እናንተ ግን አመስግናችሁ መልሱት።

ቀጥሎ የምጽፋቸው ምልክቶች ከታዩ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። ለአጭር ጊዜም ቢሆን ራሱን ስቶ ከነበረ። ደጋግሞ ካስመለሰው። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ። ከተንቀጠቀጠ ወይም ከጣለው። ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ንጹሕ ውሃ መሳይ ፈሳሽ ወይም ደም ከወረደ። የዓይኑ ብሌኖች አንዱ ከሌላው ከሰፋ። ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ የት እንዳለ ግራ ከገባው፣ አንድ ጎኑ ከደከመ። እንደ ወትሮው አልቀሰቀስ ካለ። ሕፃን ከሆነ ማልቀሱን አላቆም ካለ ወይም ጡት እምቢ ካለ። አዲስ አበባ ውስጥ አቤት ሆስፒታል ለድንገተኛ አደጋና ለጉዳት የተቋቋመ ነው። የሚያጣድፍ ከሆነ ግን ቅርብ ያለው ይቅደም።

ሐኪሙ የሚጠይቃችሁን በስልካችሁ ጻፉ፦ ስንት ሰዓት ወደቀ፣ እንዴት ወደቀ፣ ራሱን ሳተ ወይ፣ ስንት ጊዜ አስመለሰው፣ ሄልሜት አድርጎ ነበር ወይ። ሲደነግጡ ሁሉም ይጠፋል። እኔ ሰዓቱን እንኳ መናገር አቅቶኝ ነበር።

ሐኪም አይቶት ቤት ይደር ካለ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሰው አይለየው። "እንዳይተኛ!" ይሏችኋል። መተኛት ይችላል። ሌሊት ሐኪሙ በነገራችሁ ልክ ቀስቅሱትና ስሙን ጠይቁት፣ ይመልስላችሁ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም፤ አይቡፕሮፌንም ሐኪም ሳይፈቅድ አትስጡት።

መመለሱ ቀስ በቀስ ነው። አንድ ሁለት ቀን ዕረፍት፣ ስልክና ቴሌቪዥን በልክ። ከዚያ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት። ራሱን ካመመው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለስ። ሳይክል የመጨረሻው ነው፣ ምልክቱ ሁሉ ጠፍቶ ሐኪሙ ሲፈቅድ። አንጎሉ ሳያገግም ሁለተኛ ጊዜ ከተመታ ጉዳቱ እጅግ ይከፋል። ልጄ ከአልጋ በተነሳ በአራተኛው ቀን "አባዬ ፈቅዶልኛል" ብሎ ሊወጣ ነበር። አልፈቀደለትም ነበር።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ልጁ የወደቀው ሄልሜት አድርጎ ከሆነና ጭንቅላቱ መሬት ከነካ፣ ሄልሜቱ ምንም ባይሰነጠቅም ሥራውን ጨርሷል። ለታናሽ ወንድሙ አታውርሱት። ማሰሪያዎቹን በመቀስ ቆርጣችሁ ነው የምትጥሉት፣ ቁራሌው ወስዶ ለሌላ ሰው ልጅ እንዳይሸጠው።